አሰልጣኝ ስትቀይሩ ምን ትረከባላችሁ?

ጡረታ እስክወጣ ድረስ ሠላሳ ዓመት በመዝገብ ቤትና በንብረት ክፍል ሠርቻለሁ። እኛ ዘንድ ሰው ሥራ ሲለቅ ክሊራንስ ሳያዞር የመጨረሻ ደመወዙን አያገኝም። የገባው ዕቃ በሞዴል 19፣ የወጣው በሞዴል 22 ተመዝግቧልና አንድ ስቴፕለር እንኳ ቢጎድል ሳይተካ አይሸኝም። ጃንሜዳ ላይ ግን ሃያ አራት ልጅ ይዞ ዘጠኝ ዓመት የሠራ አሰልጣኝ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ፊሽካውን ለቡድን መሪው ሰጥቶ ሲሄድ አየሁ። የተረከብነው አራት ኳስ፣ አሥራ ሁለት ኮንና የማሊያ ሻንጣ ነው። ቆጥረን ፈረምን። ልጆቹን ማንም አልተረከበም። በሦስተኛው ዓመት ቡድናችን ለውድድር የሚያስመዘግበው ልጅ አጣ።

እኔ ኳስ ተጫውቼ አላውቅም። ልጄ ግን ከአሥር ዓመቱ ጀምሮ በዚያ ቡድን ተጫውቷል፤ እኔም ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ ገንዘብ ያዥ ነኝ። የምጽፈው የሰፈር ቡድን ኮሚቴ ለሆናችሁ፣ የትምህርት ቤትና የኮሌጅ ቡድን ለምትመሩ፣ ልጃችሁን ለአሰልጣኝ አምናችሁ ለሰጣችሁ ነው። ሁለት ጊዜ ርክክብ አበላሽተን በሦስተኛው አስተካክለናል፤ እንዴት እንዳደረግነው ልንገራችሁ።

ሊንከን ላይ ያየሁት

ነገሩን መጀመሪያ ያየሁት ጃንሜዳ ላይ አይደለም። 1996 ዓ.ም. ኅዳር ላይ እህቴ ወልዳ ላርሳት አሜሪካ፣ ነብራስካ፣ ሊንከን የሚባል ከተማ ሄጄ ነበር። እዚያ ኮሌጅ ፉትቦል የሚሉት የእኛን እግር ኳስ አይደለም፤ ሞላላ ኳስ በእጅ ይዘው የሚሮጡበት፣ የሚወራወሩበት፣ ራስና ትከሻቸውን ሸፍነው የሚጋጩበት ነው። ተጫዋቾቹ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ናቸው። የነብራስካ ስታዲየም እ.ኤ.አ. ከ1962 ጀምሮ በሜዳው በሚደረግ ጨዋታ ሁሉ ትኬቱ ተሸጦ ያልቃል። ጨዋታ ባለበት ቅዳሜ ሕዝቡ ቀይ በቀይ ሆኖ ሲተም ሳይ የከተራ ዕለት ወደ ጃንሜዳ የሚወርደው ሰው ትዝ አለኝ።

የቡድኑ ታሪክ በእህቴ ባል አፍ እንዲህ ነበር። ቦብ ዴቫኒ እ.ኤ.አ. በ1962 ቡድኑን ያዘ፤ በ1970ና በ1971 የአገሪቱ ሻምፒዮን አደረገው። በ1973 ለረዳቱ ለቶም ኦስቦርን አስረከበ። ኦስቦርን ሃያ አምስት ዓመት ቆይቶ 255 ጨዋታ አሸነፈ፤ በ1994፣ በ1995ና በ1997 ሻምፒዮን ሆነ። ሲለቅ ደግሞ ለረዳቱ ለፍራንክ ሶሊች ሰጠ። ሶሊች በልጅነቱ በዴቫኒ ሥር የተጫወተ፣ ከ1979 ጀምሮ ከኦስቦርን ጋር የሠራ ሰው ነው። አርባ አንድ ዓመት ሙሉ ቤቱ ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ ነው የኖረው።

እኔ በነበርኩበት ሳምንት ነብራስካ ኮሎራዶን 31 ለ22 አሸነፈ። የዓመቱ ውጤት ዘጠኝ ድል፣ ሦስት ሽንፈት ሆነ። በማግስቱ ሶሊች ተሰናበተ። የስፖርት ኃላፊው ምክንያት ቡድኑ መካከለኛ ሆኖ እንዲቀር አልፈቅድም፣ ለተቀናቃኞቻችን ለኦክላሆማና ለቴክሳስ ዩኒቨርሲቲዎች እጅ አንሰጥም የሚል ነበር። የእህቴ ባል ሕፃኑን ታቅፎ ቴሌቪዥኑ ፊት ቆሞ ቀረ። ለእኔ አልገባኝም፤ አንድ ሰው ከሥራ ሲወጣ ይህን ያህል ምን ያስደነግጣል ብዬ አጥሚቴን ማማሰል ቀጠልኩ።

ተተኪ ለማግኘት ከአንድ ወር በላይ ፈጀባቸው። የመጣው ቢል ካላሃን ከፕሮፌሽናል ቡድን ነው፤ ከኦክላንድ ሬደርስ። ስመ ጥር ሰው ነው፤ ሬደርስን ሱፐር ቦውል የሚሉት የፕሮፌሽናሎቹ የፍጻሜ ጨዋታ አድርሶ ነበር። ነብራስካ ግን ለአሥርታት የኖረበት አጨዋወት ሩጫ ነው፤ መሐል ሆኖ ኳሱን የሚያከፋፍለው ልጅ ራሱ ይዞ ይሮጣል፣ ወይ ለጎኑ ሰው ያቀብላል። የተመለመሉት ልጆች ለዚህ የተሠሩ ናቸው። ካላሃን የሚያውቀው ደግሞ ኳስ መወርወርን ነው። ለሩጫ የተመረጠ ልጅ ወርዋሪ ሁን ተባለ። እ.ኤ.አ. በ2004 ቡድኑ አምስት አሸንፎ ስድስት ተሸነፈ፤ ከ1961 ወዲህ ከድሉ ሽንፈቱ የበለጠበት የመጀመሪያ ዓመት። ሠላሳ አምስት ዓመት ሳይቋረጥ የተገኘበት የዓመቱ መጨረሻ ጨዋታ ቀረበት። በቴክሳስ ቴክ 70 ለ10 ተሸነፈ።

ካላሃን በአራተኛው ዓመት ሄደ። ቦ ፔሊኒ ሰባት ዓመት፣ በየዓመቱ ከዘጠኝ ጨዋታ ያላነሰ እያሸነፈ ቆይቶ እሱም ተሰናበተ። ማይክ ራይሊ መጣ፤ 19 አሸንፎ 19 ተሸነፈ። ከዚያ የቤቱን ልጅ እናምጣ አሉና በ1997ቱ ድል ኳስ አከፋፋይ የነበረውን ስኮት ፍሮስትን አመጡ። እሱም 16 አሸንፎ 31 ተሸነፈ። ይህ የመጨረሻው በጣም ያሳስበኛል። ብዙ ኮሚቴ ሲጨንቀው «የድሮ ልጃችንን እንጥራ» ይላል። ልጁ የቤቱ ቢሆንም ሲመለስ ቤቱ ውስጥ የሚያውቀው ሰው፣ የሚያውቀው ደንብ የለም፤ ስሙና ማሊያው ብቻ ነው ያሉት።

ሶሊችስ? ኦሃዮ ዩኒቨርሲቲ ሄዶ አሥራ ስድስት የውድድር ዓመት አሰለጠነ።

ጃንሜዳ ላይ የሆነው

የእኛን የድሮ አሰልጣኝ ያወቅሁት ቤቴ መጥቶ ነው። ክረምት ነበር፤ አመሻሽ ላይ አንኳኳና ጭቃውን ደጃፍ ላይ አራግፎ ገባ። ቡና ላይ ደረሰ። ስለ ኳስ አንድ ቃል ሳይተነፍስ ልጄ ስንት ሰዓት እንደሚተኛ፣ ሒሳብ ላይ እንዴት እንደሆነ፣ ጠዋት ምን በልቶ እንደሚወጣ ጠየቀኝ። ቶናው ላይ «እትዬ፣ ልጅዎ አጭር ነው፤ እንዳያስቡ። ኳስ ከእግሩ አይርቅም። ትምህርቱ ወደ ኋላ ካለ ግን እኔው ራሴ ከልምምድ አስቀረዋለሁ» አለኝ። በዚህ ሰጠሁት። ሃያ ሦስቱ እናቶችም እንደ እኔው ናቸው፤ ልጃቸውን ለዚያ ሰው እንጂ ለቡድኑ አልሰጡም። የአሜሪካን ኮሌጅ አሰልጣኞችም ልጅ ሲመለምሉ እናትየው ሳሎን ገብተው ነው የሚቀመጡት።

በ2010 ዓ.ም. ዋንጫ ላይ ሁለት ጊዜ ተከታትለን ስንሸነፍ ኮሚቴው ለወጠው። እኔም እጄን አውጥቻለሁ። የመጣው ከአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን (ካፍ) የሲ ደረጃ የአሰልጣኝነት ላይሰንስ ያለው፣ ወረቀት ያዥ፣ ሰዓት አክባሪ ሰው ነው። በሁለተኛው ሳምንት ልጆቹን በቁመት አሰለፋቸው። ረዣዥሞቹን መሐል ተከላካይና አጥቂ አደረገ፤ ኳስ ከኋላ ወደ ፊት በረጅሙ ይላክ አለ። የድሮው ግን ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የመረጠው አጫጭር፣ ፈጣን፣ ኳስ በአጭር በአጭር የሚቀባበሉ ልጆችን ነው። ልጄ ማታ ሲመጣ «ማሚ፣ ኳሱ በጭንቅላቴ ላይ ሲያልፍ ነው የምውለው» ይለኝ ነበር።

በረኛችንን ልንገራችሁ። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ተነስቶ አትክልት ተራ ቲማቲምና ድንች ያራግፍ ነበር። ልምምድ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ነው፤ እሱ የሚደርሰው 1 ሰዓት ተኩል። የድሮው ይህን ስለሚያውቅ የበረኛ ልምምድን መጨረሻ ላይ አድርጎት ነበር፤ ልጁ ሲደርስ ግማሽ ዳቦ ይጠብቀዋል። አዲሱ ሦስት ጊዜ ዘገየህ ብሎ ቀነሰው። ልጁ ኩሩ ነው፤ ምክንያቱን ለማንም አልተናገረም። ከዓመት በኋላ አትክልት ተራ ሽንኩርት ስገዛ ጆንያ ተሸክሞ አገኘሁትና «ምነው ጠፋህ?» ስለው «ማዘር፣ በሰዓት አልደርስም እኮ» አለኝ፤ ጆንያውን ሳያወርድ። ዘንቢሌን ይዤ መሐል መንገድ ቆሜ ቀረሁ። የእህቴ ባል ሕፃን ታቅፎ ለምን እንደቆመ ያኔ ገባኝ።

አዲሱ አሰልጣኝ ክፉ ሰው አልነበረም። ማንም አልነገረውም፤ የነገረው ካለ ሰዓቱን ያስተካክል ነበር ብዬ አምናለሁ። ጥፋቱ የእኛ የኮሚቴዎቹ ነው።

በመጀመሪያው ዓመት ሁለተኛ ወጣን፤ አጨበጨብን። በሁለተኛው ልምምድ የሚመጡት አሥራ አምስት ሆኑ። በሦስተኛው ዘጠኝ።

ከማሰናበታችሁ በፊት

ከሽንፈት በኋላ ባለው ሳምንት ስለ አሰልጣኝ ስብሰባ አትጥሩ። ያን ሳምንት የሚናገረው ሽንፈቱ ነው። ይልቅ አንድ ማክሰኞ፣ አንድ ሐሙስ፣ ሳትነግሩት ልምምድ ሂዱና ዳር ቁሙ። ልጆቹን ቁጠሩ። ከፊሽካው በፊት የሚመጡት ስንት ናቸው? ትልልቆቹ ትንንሾቹን ያስተምራሉ ወይስ ያባርራሉ? የተጎዳ ልጅ ዳር ተቀምጦ ይመለከታል ወይስ ቤቱ ቀርቷል? ሰባት ጊዜ ተሸንፎ ልጆቹ ሁሉ በሰዓታቸው የሚመጡለት አሰልጣኝ ካላችሁ ችግሩ ሌላ ቦታ ነውና እዚያ ፈልጉት። ምናልባት ታኬታ የላቸውም። ምናልባት ከእነሱ ሁለት ዓመት የሚበልጡ ልጆች ጋር እየተጫወቱ ነው።

እጁን በልጅ ላይ ያነሳ፣ ልጅን ያዋረደ ወይም የመዋጮ ገንዘብ የበላ ከሆነ ግን ይህ ሁሉ አይሠራም። ያን ቀኑን አሰናብቱት፤ ርክክቡን ከምክትሉና ከአምበሉ ታገኙታላችሁ።

ለመለወጥ ከወሰናችሁ ሰውየው ከእናንተ አፍ ይስማ እንጂ ከሰፈር አይስማ። ሁለት ሰው ሆናችሁ ሂዱ፤ አንዱ እሱ የሚያከብረው ሽማግሌ ይሁን። ሥራውን አመስግኑ። ያለ ክፍያ ወይም በታክሲ ሂሳብ ብቻ የሠራ ሰው ነው። ተቀይሞ የሄደ ሰው ልጆቹን ይዞ ይሄዳል፤ ባይጠራቸውም ይከተሉታል።

ደብተሩ

አንድ ባለ 50 ሉክ ደብተር ግዙ። ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ገጽ። የሚሄደውን አሰልጣኝ ጻፍልን አትበሉት፤ አይጽፍም። ቡና ጋብዙት፣ እሱ ይናገር፣ እናንተ ጻፉ። እኛ የመጨረሻውን ርክክብ ያደረግነው ስድስት ኪሎ አካባቢ አንዲት ቡና ቤት ውስጥ ሁለት ከሰዓት በኋላ ተቀምጠን ነው። ሃያ ሁለት ልጅ ለማዳረስ አምስት ሰዓት ያህል ፈጀብን።

በየገጹ ስሙን፣ የወላጁን ስልክና ክፍሉን ከጻፋችሁ በኋላ ዋናውን ጠይቁ። ይህን ልጅ ለምን መረጥከው? መልሱ ብዙ ጊዜ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ ግን ከዚያች ዓረፍተ ነገር ውጭ አዲሱ ሰው ልጁን በትክክል አያየውም። «ሲሸነፍ አይጮህም» ያለን አለ። «ግራ እግሩ ነው፤ ቀኝ አድርጋችሁ አታበላሹት» ያለን አለ። ቀጥሎ ልጁን ከልምምድ የሚያስቀረው ምንድን ነው? ሥራ፣ ታናናሾቹን መጠበቅ፣ ቤተ ክርስቲያን፣ መድረሳ፣ የሚከለክል አባት። ቀጥሎ ምን ሲባል ነው የሚቆጣው፣ ምን ሲባል ነው የሚነሳው?

ከዚያ በቀይ እስክሪብቶ ቃል የተገባለትን ጻፉ። ይህን አትዝለሉት። አሰልጣኞች ለወላጅና ለልጅ ቃል ይገባሉ፤ «ዘንድሮ ተጠባባቂ ትሆናለህ፣ ለከርሞ ቋሚ ነህ»፣ «ከሚኒስትሪ ፈተና በፊት ሁለት ሳምንት አሳርፈዋለሁ»፣ «የክለብ ምልመላ ሲኖር እኔ ራሴ እወስደዋለሁ»። ሰውየው ሲሄድ ቃሉም አብሮት ይሄዳል። ልጁ ግን አልረሳም፤ ጠብቆ ጠብቆ ሲያጣ ዝም ብሎ ይቀራል። አዲሱ ቃሉን መፈጸም ባይችል እንኳ ያውቀዋልና ጠርቶ ያናግረዋል።

በደብተሩ መጨረሻ ሁለት ገጽ ለአጨዋወቱ ተዉ፤ ቡድኑ እንዴት እንደሚጫወትና ለምን። ሌላ አንድ ገጽ ለሰዎቹ፤ የሜዳው ዘበኛ፣ ውኃ የምትሰጠን ባለሱቅ፣ ማሊያ በነፃ የምታጥብ እናት፣ ሚኒባሱን በቅናሽ የሚሰጠን ሹፌር። እነዚህ የሚያውቁት አሰልጣኙን ነው። አንድ ጊዜ በአዲስ ፊት ሄደን ሜዳ ተከልክለናል።

ደብተሩ ውስጥ የልጆች ገመና አለ። ስለዚህ ከአሰልጣኙና ከአንድ የኮሚቴ አባል ውጭ ማንም አይየው፤ ስብሰባ ላይ አይነበብ፣ ፎቶ ተነስቶ በቴሌግራም አይላክ።

ሲያልቅ አስረካቢ፣ ተረካቢ፣ እማኝ ይፈርሙ። አንዳንድ ሰው በዚህ ይስቃል። ለስቴፕለር እንፈርም የለም እንዴ?

ከወረቀቱ በኋላ አንድ ልምምድ ሁለቱ አብረው ይቁሙ። የሚሄደው ልጆቹን ሰብስቦ «ከዛሬ ጀምሮ እሱን ስሙት» ካለ፣ ያ ቃል ከኮሚቴው አሥር ደብዳቤ ይበልጣል።

ምክትሉን ያዙ

አዲስ አሰልጣኝ «የራሴን ሰው ይዤ እመጣለሁ» ሲል መልሱ «አምጣ፤ ግን ይህ አንድ ይቆያል» ይሁን። ከድሮዎቹ አንድ ሰው ልጆቹን በስም የሚያውቅ፣ ቢያንስ አንድ ዓመት ይቆይ።

በአሜሪካ ማያሚ ዩኒቨርሲቲ ቡች ዴቪስ የሚባል አሰልጣኝ እ.ኤ.አ. በ2001 መጀመሪያ ወደ ፕሮፌሽናል ቡድን ሄደ። ተጫዋቾቹ ምክትሉ ላሪ ኮከር ይሁንልን አሉ፤ ሆነላቸው። በዚያው ዓመት አሥራ ሁለቱንም ጨዋታ አሸንፈው ሻምፒዮን ሆኑ፤ በመጨረሻው ያሸነፉትም የሶሊችን ነብራስካ ነው፣ 37 ለ14።

ግን ቀጣዩን ቁጥር ተከታተሉ። በ2002 አንድ ሽንፈት፣ በ2003 ሁለት፣ በ2004 ሦስት፣ በ2005 ሦስት፣ በ2006 ስድስት። ከዚያ ተሰናበተ። ኮከር ያሸነፈው ዴቪስ በመለመላቸው ልጆች ነበር፤ እነሱ እየተመረቁ ሲወጡ ቡድኑም ቀስ በቀስ ወረደ። ምክትሉን ማቆየት የተተከለውን ያድናል፤ አዲስ መትከልን ግን የግድ ያውቅበታል ማለት አይደለም። ስለዚህ ምክትሉን ዋና ካደረጋችሁት ትንንሾቹን ማን እየመለመለ ነው ብላችሁ ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ ጠይቁ። እኛ የመጀመሪያውን ዓመት ሁለተኛነት የአዲሱ ሥራ መስሎን ነበር። የድሮው አዝመራ ነበር።

ቤት ለቤት

አዲሱ በተቀጠረ በሰባት ቀን ውስጥ የሁሉም ልጅ ቤት ይድረስ። ኮሚቴው ይውሰደው፤ ብቻውን አይሂድ። አሥር ደቂቃ ይበቃል። ስለ ውጤት አያውራ፤ ደብተሩን አንብቦ ይሂድና ያየውን አንድ ነገር ይጠይቅ። «የሒሳቡ ነገር እንዴት ሆነ?» ሲል እናቲቱ ልጇ እንዳልተረሳ ታውቃለች።

በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ ተጫዋች ስሙን አስመዝግቦ ወደ ሌላ ዩኒቨርሲቲ የሚዛወርበት መንገድ ተከፍቷል፤ ከ2021 ጀምሮ ደግሞ አንድ ዓመት ሳይቀጣ ወዲያው መጫወት ተፈቅዶለታል። አሰልጣኝ በሄደ ሰሞን ብዙዎቹ ይወጣሉ። ያም ሆኖ እዚያ ወረቀት ይሞላል፤ ማን እንደሄደ ይታወቃል። እኛ ዘንድ ልጅ ሲለቅ ወረቀት የለም። አንድ ማክሰኞ ይቀራል፣ ሐሙስ ይቀራል፣ አለቀ። ለዚህ ነው ሰባቱ ቀን የሚያስፈልገው።

2016 ዓ.ም. ፒያሳና ዙሪያው ሲፈርስ ብዙ ልጆቻችን ከተማው ዳር ገቡ። ቤት ለቤቱ ከባድ ሆነ፤ አንዳንዱ ቤት ሁለት ታክሲ ነው። ቢሆንም አሰልጣኙን ሁለት እሑድ ይዘን ዞርን፤ ለታክሲ ያወጣነውን በመዋጮ ሸፈንን። ከሄድንባቸው ልጆች ብዙዎቹ ዛሬም ጠዋት ከዚያ ድረስ ይመጣሉ። በስልክ ብቻ ያናገርናቸው አምስቱ ቀርተዋል።

የመጀመሪያው ዓመት

አዲሱን ስትቀጥሩ ላይሰንሱን ከማየታችሁ በፊት ልጆቹን አሳዩት። ልምምድ ላይ አስቀምጡትና «በእነዚህ ልጆች እንዴት ትጫወታለህ?» በሉት። «እነዚህን ቀይሬ» ብሎ ከጀመረ ተጠንቀቁ። ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2008 ሪች ሮድሪጌዝን አመጣ፤ ሜዳውን ዘርግቶ በፍጥነት የሚያስሮጥ ዘዴ ያለው ሰው ነው፣ ዘዴውም ቀድሞ በነበረበት ቤት ሠርቷል። ሚሺጋን የነበሩት ልጆች ግን ለሌላ አጨዋወት የተመረጡ ናቸው። በመጀመሪያው ዓመት ሦስት አሸንፎ ዘጠኝ ተሸነፈ፤ በሦስት ዓመት 15 አሸንፎ 22 ተሸንፎ ወጣ።

ከአዲሱ ጋር ስንዋዋል እኛ አሁን አንድ ነገር እናስፈርማለን፤ የመጀመሪያውን ዓመት ባሉት ልጆች፣ ልጆቹ በሚያውቁት አጨዋወት። አዲሱን ዘዴ ከአሥራ ሦስት ዓመት በታች ባሉት ይጀምር፤ እነሱ ሲያድጉ ይዘውት ያድጋሉ። በዚህ የተቆጣ አሰልጣኝ ገጥሞናል፤ ሄደ። ሌላው ተቀበለ፤ እሱ ነው አሁን ያለው።

ውጤት አትቁጠሩ፣ ልጅ ቁጠሩ

ሦስት ዓመት የመገኘት መዝገብ ያዙ። እኔ በወር አንድ ገጽ አሰምሬ ስምና ቀን አድርጌ ምልክት አደርጋለሁ። ዋንጫ የሚያሳየው የትናንቱን አሰልጣኝ ሥራ ነው፤ የዛሬውን የሚያሳየው ማክሰኞ ጠዋት ስንት ልጅ መጣ የሚለው ነው። ከሃያ አራት ሃያ ሲሆን ቤታቸው ሂዱ። አሥራ አምስት እስኪሆን አትጠብቁ፤ እኛ ጠብቀን አጣን።

ማሽቆልቆሉ ሲጀምር ደግሞ ቶሎ ሌላ ሰው ማምጣት ያምራል። በብሔራዊ ቡድናችን አይተነዋል። አሰልጣኝ ሰውነት ቢሻው ጥቅምት 2005 ዓ.ም. ላይ አዲስ አበባ ስታዲየም ሱዳንን 2 ለ0 አሸንፈው ከሠላሳ አንድ ዓመት በኋላ አፍሪካ ዋንጫ ሲያገቡን የማስታወሰው ጭፈራው ከመስቀል አደባባይ እስከ እኛ ሰፈር መድረሱን ነው። ለዓለም ዋንጫም እስከ ናይጄሪያው የመጨረሻ ማጣሪያ ደርሰው ነበር። በ2006 ተሰናበቱ። ፖርቱጋላዊው ማሪያኖ ባሬቶ መጡ፣ ዮሐንስ ሣህሌ መጡ፣ እነ አሸናፊ በቀለና አብርሃም መብራቱ ተከተሉ። አፍሪካ ዋንጫ የተመለስነው በ2014 ጥር፣ በውበቱ አባተ ጊዜ ነው። በመሐል ያሉትን አንዱንም አልወቅስም፤ እያንዳንዱ ሲመጣ ከፊተኛው የተረከበው የተጻፈ ነገር ነበረው ወይ የሚለው ነው ጥያቄዬ።

እኛ ሁለተኛውን አሰልጣኝ እንዲሁ በችኮላ ነበር የለወጥነው። ከዚያ 2012 ዓ.ም. ላይ የአትክልት ተራው ገበያ ለጊዜው ጃንሜዳ ሲገባ ሜዳም አጣን፤ የቀሩት ዘጠኙም ተበተኑ። ቡድኑን እንደገና ያቆምነው የድሮውን አሰልጣኝ ቤት ሄደን ነው። አልተመለሰም፤ አርጅቷል፣ ጉልበቱን ያመዋል። ግን አልጋው ሥር ካርቶን ውስጥ ያስቀመጠው የራሱ ደብተር ነበረው፤ በእርሳስ የተጻፈ፣ ዳሩ አይጥ የበላው። የልጄ ገጽ ላይ «አጭር። አይፈራም። እናቱ ሒሳቡን ትጠይቃለች» ይላል። የበረኛው ገጽ ላይ «1:30። ዳቦ» ብቻ።

የእኛ ደብተር ቅርጽ ከዚያ የተወሰደ ነው። ሁለት ቅጂ እናደርጋለን፤ አንዱ አሰልጣኙ ጋ፣ አንዱ እኔ ቤት ከእድሩ መዝገብ ጋር በቆርቆሮ ሳጥን ውስጥ። በየዓመቱ ነሐሴ ላይ፣ ምዝገባ ከመጀመሩ በፊት፣ ሁለቱን ጎን ለጎን ዘርግተን የተለወጠውን እናስተካክላለን። እስክሪብቶ ተጠቀሙ፤ እርሳስ ይጠፋል።